ሉዊስ ቦታ እና የቦታ ጥያቄ

ባለፈው ወር አንድ አዲስ ገቢ ተማሪ ይዤ ከመሀል ከተማ ወደ ኦሬንጅ ግሮቭ በታክሲ ስንሄድ፣ የመንገዱን ሰሌዳ አነበበና «ይሄ ሁሉ የሉዊስ ቦታ ነው እንዴ? ሰውዬው ሀብታም ነው ማለት ነው» አለኝ። ታክሲው ውስጥ ሐበሾች ሁለታችን ብቻ ስለነበርን ለምን እንደሳቅን የገባው ሌላ ሰው አልነበረም። ሉዊስ ቦታ የሰው ስም እንደሆነ፣ ሰውዬውም ጄኔራል እንደነበረ ነገርኩት። «ምን ሠርቶ ነው መንገድ የተሰየመለት?» ሲለኝ ግን አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ እየተመላለስኩ ሰውዬው ማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ጉዳዩን በዚያው እተወው ነበር። ነገር ግን በዚያው ሳምንት በማኅበራችን የቡና ፕሮግራም ላይ ስለ አገራችን ሰላም ስንወያይ አንድ ነባር አባላችን እንዲህ አለ፦ «እኛ መታረቅ አናውቅበትም። የዚህን አገር ሰዎች ተመልከቱ። እንግሊዝና ቦር እንደዚያ ተጨራርሰው በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ አገር መሠረቱ። የተሸነፈው ጄኔራል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። እኛ ለምን ያቅተናል?» ብዙዎቻችን ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ነቅንቄያለሁ። ቤቴ ገብቼ ሳነብ ግን የነቀነቅኩት ቸኩዬ እንደነበር ገባኝ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ወንድማችን የምሰጠው የዘገየ መልስ ነው።

በመጀመሪያ የሰውዬውን ታሪክ እንደሚገባው ላቅርብ። ሉዊስ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1862 በናታል፣ ግሬይታውን አጠገብ ተወለደ። ያደገው በፍሪ ስቴት፣ በቤተሰቡ እርሻ ላይ ነው። ቤተሰቡ ቦር ከሚባሉት፣ በአብዛኛው ከደች ዘር ከመጡት ነጭ ገበሬዎች ወገን ነበር። በ1884 ዙሉዎች እርስ በርስ ሲዋጉ የንጉሥ ሴትሽዋዮ ልጅ ዲኑዙሉ የቦሮችን እርዳታ ጠየቀ። ወጣቱ ቦታም ከረዱት ፈረሰኞች አንዱ ነበር። ዲኑዙሉ አሸነፈ፤ ቦሮቹም ለውለታቸው ክፍያ ከዙሉዎች ምድር ሰፊ መሬት ወስደው የራሳቸውን ትንሽ ሪፐብሊክ አቋቋሙበት። ዋና ከተማዋን «ነፃነት» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጧት። ቦታም እዚያ የእርሻ መሬት ደረሰው። የሰውዬውና የመሬት ታሪክ የሚጀምረው እንግዲህ ከዚህ ነው።

በ1899 ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ሊጀመር ሲል ቦታ የትራንስቫል ምክር ቤት አባል ነበር። ጦርነቱን ከተቃወሙት ወገን ቆሞ ነበር፤ ከተጀመረ በኋላ ግን ፈረሱን ጭኖ ዘመተ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በኮሌንሶ፣ በተከታዩ ወር ደግሞ በስፒዮን ኮፕ ተራራ ላይ በዘመኑ ትልቁን ኢምፓየር አሳፈረው። የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ጁበርት በመጋቢት 1900 ሲሞት ቦታ በ37 ዓመቱ ተተካ። ጆሃንስበርግና ፕሪቶሪያ ከተያዙ በኋላም ሁለት ዓመት ያህል በፈረስ እየተዘዋወረ የሽምቅ ውጊያ መራ። እኛ ዛሬ «ኮማንዶ» የምንለው ቃል ራሱ የእነዚህ የቦር ፈረሰኛ ቡድኖች መጠሪያ ነበር፤ ዓለም የወሰደው ከእነሱ ነው።

እንግሊዞች የሽምቅ ጦሩን ስንቅ ለማድረቅ እርሻዎችን አቃጠሉ፤ ሴቶችንና ልጆችን ሰብስበው በካምፕ አጎሩ። በረሃብና በበሽታ ከ26,000 በላይ የቦር ሴቶችና ሕፃናት አለቁ። ለጥቁሮችም የተለዩ ካምፖች ነበሩ። በእነዚያ ከ14,000 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተመዝግቧል፤ እውነተኛው ቁጥር ከዚያ እንደሚበልጥ ይታመናል። የቦሮቹ ሙታን በብሉምፎንቴን በ1913 ትልቅ ሐውልት ቆመላቸው። የጥቁሮቹ መቃብር ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት አስታዋሽ አልነበረውም።

ግንቦት 31 ቀን 1902 ፕሪቶሪያ ውስጥ ሜልሮዝ ሀውስ በሚባለው ቤት የሰላሙ ውል ተፈረመ። ከፈራሚዎቹ አንዱ ቦታ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በእርግጥ ያስደንቃል። በ1907 የተሸናፊው ጦር አዛዥ የትራንስቫል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በዚያው ዓመት መንግሥቱ ኩሊናን የተባለውን ታላቅ አልማዝ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለኤድዋርድ ሰባተኛ በስጦታ ሰጠ። ውሉ በተፈረመ ልክ በስምንተኛ ዓመቱ፣ ግንቦት 31 ቀን 1910፣ የደቡብ አፍሪካ ኅብረት ተመሠረተ፤ ቦታም የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በ1914 የቀድሞ የጦር ጓዶቹ ሲያምፁበት ራሱ ዘምቶ አመፁን አበረደ፤ ከዚያም በአብዛኞቹ ላይ አልጨከነም። በ1919 የቬርሳይን ውል ፈርሞ ተመለሰና በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሞተ። ኬፕ ታውን ፓርላማው ፊት ለፊት በፈረስ ላይ የተቀመጠ ሐውልት አለው፤ ጽሑፉም ገበሬ፣ ጦረኛና የአገር መሪ ይለዋል።

ወንድማችን የነገረን ታሪክ ይህ ነው፤ ውሸትም የለበትም። ሰው ጠላቱን ይቅር ማለቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ወገኖቹ በካምፕ ያለቁበት ሰው ከገደሏቸው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ መሥራቱን አልንቅም። ፍትሐዊ ለመሆን ሌላም ልጨምር። የኅብረቱ ጠቅላይ ሚኒስትር እንደሆነ ካደረጋቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ በእንግሊዞች ታስሮ የነበረውን የጥንት አጋሩን ዲኑዙሉን ማስፈታት ነው። ጨካኝ ሰው አድርጌ ልስለው አልፈልግም።

ነገር ግን የ1902ቱ ውል ስምንተኛ አንቀጽ ነበረው። የጥቁሮች የመምረጥ መብት ጉዳይ የሚወሰነው ለቀድሞዎቹ ሪፐብሊኮች ራስን በራስ የማስተዳደር መብት ከተሰጠ በኋላ ነው ይላል። ሲነበብ ቀለል ያለ የቀጠሮ ጉዳይ ይመስላል። ትርጉሙ ግን የሰዎቹን መብት የሚወስኑት መብቱን ሊሰጧቸው የማይፈልጉት ናቸው ማለት ነው። እንግሊዝ ወደ ጦርነቱ ስትገባ ስለ ጥቁሮች አያያዝም ስታማርር ነበር። ሰላም ሲመጣ ግን የተለዋወጡት እጅ መንሻ የእነዚያው ሰዎች መብት ሆነ። የ1910ሩ ሕገ መንግሥት ጥቁር ሰው የፓርላማ አባል እንዳይሆን ከለከለ።

መብቱ ከተወሰደ በኋላ መሬቱ ተከተለ። ሰኔ 19 ቀን 1913 የቦታ መንግሥት የአገሬው ተወላጆች የመሬት ሕግ የተባለውን አወጣ። ከአገሪቱ ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ጥቁሩ ነበር፤ ሕጉ የከለለለት ግን ከመሬቱ 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ክልል ውጭ ጥቁር ሰው ከነጭ መሬት መግዛትም ሆነ መከራየት ተከለከለ። በፍሪ ስቴት ብዙ ጥቁር ገበሬዎች በራሳቸው በሬና በራሳቸው ዘር የነጭ መሬት እያረሱ ምርቱን እኩል ይካፈሉ ነበር። በእኛ ቋንቋ የእኩል አራሾች ነበሩ። ሕጉ ይህንንም አገደ። ወይ ተቀጣሪ አገልጋይ ሁን፣ ወይ ከብትህን ነድተህ ውጣ ተባሉ። ጋዜጠኛው ሶል ፕላትዬ በዚያ ክረምት እየዞረ፣ የሚያርፉበት መሬት አጥተው ከብቶቻቸውን እየነዱ በየመንገዱ የሚንከራተቱ ቤተሰቦችን አገኘ፤ ያየውንም በ1916 ባሳተመው መጽሐፍ መዘገበው። በ1914 የጥቁሮች መልእክተኞች ለንደን ድረስ ሄደው አቤት ቢሉ እንግሊዞች ጉዳዩ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ነው ብለው መለሷቸው። የሚያቤቱታቸው ዳኛ ያው የከሰሱት መንግሥት ሆነ።

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንላለን። የቦታ ታሪክ የሚያስተምረን ዝሆኖቹ ሲታረቁም ሣሩ ሊጎዳ እንደሚችል ነው።

ይህ የደቡብ አፍሪካ ብቻ ጠባይ አይደለም። ከቦታ ቀደም ብሎ በአሜሪካ ተመሳሳይ ሰው ነበር። ዌድ ሃምፕተን የሳውዝ ካሮላይና ባለጸጋ፣ የብዙ ባሮች ጌታ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ የባርነት ወገን ፈረሰኛ ጦር ጄኔራል ነበር። ተሸነፈ። በ1876 ለአገረ ገዥነት ሲወዳደር በመድረክ ላይ ለጥቁሮች መብታቸውን እንደሚጠብቅ ቃል ይገባ ነበር፤ ቀይ ሸሚዝ የለበሱ ታጣቂ ደጋፊዎቹ ግን ጥቁር መራጮችን ያስፈራሩና ይገድሉ ነበር። በ1877 ሚያዝያ የፌዴራሉ መንግሥት ወታደሮቹን ከግዛቲቱ ምክር ቤት ሲያስወጣ ሃምፕተን ያለ ተቀናቃኝ አገረ ገዥ ሆነ፤ በኋላም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል። ሰሜንና ደቡብ ታረቁ ተባለ። በ1895 የግዛቲቱ አዲስ ሕገ መንግሥት የጥቁሮችን ድምፅ ነጠቀ። በሁለቱም አገር የተሸነፈው ጄኔራል ወደ ሥልጣን የተመለሰበት መንገድ አንድ ነው፤ ሁለት ባለጉልበቶች የተስማሙበትን ዕዳ ሦስተኛው ከፈለ።

የእኛስ? እኛም እንዲህ ዓይነት ታሪክ አለን፤ በኩራት የምናወራውም ነው። በ1882 እምባቦ ላይ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተዋጉ። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ምኒልክ ቁስላቸውን አሳከሙ፤ ከጊዜ በኋላም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ሁለቱ አድዋ ላይ አብረው ዘመቱ። ያ ዕርቅ ባይኖር አድዋ እንደነበረችው ላትሆን ትችል ነበር፤ ስለዚህ የዕርቅን ዋጋ አልክድም። ግን ጦርነቱ በምን ነበር? ከዓባይ በስተደቡብ ያለውን አገርና ንግድ ማን ይቆጣጠር በሚል ነበር። በዚያ አገር ይኖር የነበረው ገበሬ ከሁለቱ የትኛውን ጌታ እንደሚመርጥ የጠየቀው አልነበረም። ነገሥታቱ ሲታረቁ የገባሩ ሸክም አልቀለለም። ጥያቄው ተከማችቶ ተከማችቶ በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡበት፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ የተመለሰውም ትርምስ መካከል ነው። ያልተከፈለ ዕዳ ወለድ እየወለደ ይቆያል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ቦታ ውሉን የፈረመባት ፕሪቶሪያ ከዚህ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ናት። ከ120 ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በዚያችው ከተማ የፌዴራል መንግሥታችንና ሕወሓት ጦርነቱን ለማቆም ተፈራረሙ። ያን ቀን ማታ ብዙዎቻችን ስልክ ላይ ነበርን። መቀሌ ቤተሰብ ያለው ለወራት ያልሰማውን ድምፅ ለመስማት ሲሞክር፣ ወሎና ጎንደር ዘመድ የሞተበት ሲያለቅስ፣ ሌላው እግዚአብሔር ይመስገን ሲል አስታውሳለሁ። የጠመንጃው ድምፅ ዝም ማለቱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፤ ያንን ሰላም የሚያጣጥል ሰው ጦርነት ምን እንደሆነ ያላየ ነው። ሁለቱ ውሎች አንድ ናቸው እያልኩም አይደለም። የእኛው ሰነድ ስለ ሽግግር ፍትሕ ያነሳል፤ የ1902ቱ ያንን የመሰለ ነገር አልነበረውም።

ጥያቄው ግን ያው ነው። ጠረጴዛው ላይ ያልነበረው ማን ነው? የተደፈረችው ሴት፣ ከቤቱ ተፈናቅሎ በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ያደረው ገበሬ፣ ትግራይም ይሁን አማራ ወይም አፋር፣ በስሙ የተፈረመለት ሰው አለው? የእሱ ጉዳይስ እንደ ስምንተኛው አንቀጽ «በኋላ» ተብሎ ተቀጥሯል ወይስ መልስ ይሰጠዋል? ከፕሪቶሪያ ወዲህ በአማራ ክልል እንደገና ጦርነት ተነሥቷል። ነገ ያም በስምምነት ሊያበቃ ይችላል፤ ያድርግልንም። ያን ጊዜም ባለጠመንጃዎቹ ሲጨባበጡ ከማጨብጨባችን በፊት ይህንን ጥያቄ ልንጠይቅ ይገባል።

«ጠመንጃ የያዘው ካልተስማማ ጦርነት አይቆምም፤ ሁሉንም ተጎጂ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ ካልክ ሰላም አታገኝም» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፤ ተኩስ ለማቆም መጀመሪያ መነጋገር ያለባቸው ተኳሾቹ ናቸው። ተኩስ ማቆምና አገር መመሥረት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ1902 ተኩስ በቆመበት ቀን ማንም ቦታን አይወቅሰውም። ጥፋቱ የተሠራው ከዚያ በኋላ ባሉት የሰላም ዓመታት፣ ማንም ሳይተኩስበት፣ ረጋ ብሎ በፓርላማ ተቀምጦ ነው። ጊዜ ነበረው፤ ሥልጣን ነበረው። የጥቁሮቹ መሪዎችም በጥር 1912 ብሉምፎንቴን ላይ ተሰብስበው በኋላ ኤኤንሲ የሆነውን ድርጅት መሥርተው ነበር፤ የሚያናግራቸው ቢፈልግ ሩቅ አልነበሩም።

ይህ ሁሉ የሩቅ ታሪክ ለሚመስለው፣ ታክሲ ይሳፈርና የሉዊስ ቦታን መንገድ እስከ ጫፉ ይሂድ። መንገዱ ወደ አሌክሳንድራ ያደርሳል። አሌክሳንድራ በ1912 የተቆረቆረች ናት፤ የመሬቱ ሕግ በተከታዩ ዓመት ከመውጣቱ በፊት ስለነበረች ጥቁሮች በስማቸው መሬት ሊይዙባት ከቻሉ ጥቂት የከተማ ሰፈሮች አንዷ ሆነች። ሌላ መሄጃ ያጣው ሁሉ ተጨናነቀባት። በ1957 የአውቶቡስ ታሪፍ በአንድ ፔኒ ሲጨመር ነዋሪዎቿ አንሳፈርም ብለው ለወራት ጠዋት ማታ ወደ ከተማ በእግራቸው ተጓዙ፤ የተጓዙትም በዚሁ በቦታ ስም በሚጠራው መንገድ ነው። በግንቦት 2008 በውጭ አገር ሰዎች ላይ የተነሣው ጥቃት የጀመረው እዚያው አሌክሳንድራ ነው። በጥቃቶቹ ሱቃቸው የተዘረፈባቸውን ወገኖቻችንን ሁላችንም እናውቃለን። የማንም ታሪክ የእኛን ሰው ሱቅ ማቃጠል ትክክል አያደርግም። ነገር ግን «እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?» ብለን በጄፒ ካፌዎች ተቀምጠን ስንጠያየቅ፣ መልሱ ከሚጀምርባቸው ቦታዎች አንዱ 1913 መሆኑን ብናውቅ እዚህ አገር የምንኖረው ኑሮ ይበልጥ ዓይን የገለጠ ይሆናል።

ጄፒን ካነሳሁ ዘንድ፣ መንገዱ ከዓመታት በፊት ስሙ ተቀይሮ ራሂማ ሙሳ ተብሏል። ራሂማ ሙሳ በ1956 ወደ 20,000 የሚጠጉ ሴቶችን ይዘው የይለፍ ወረቀት ሕግን ለመቃወም ወደ ፕሪቶሪያው ዩኒየን ቢልዲንግስ ከዘመቱት አራት መሪዎች አንዷ ናት። እኛ ግን ዛሬም ጄፒ ነው የምንለው። የሉዊስ ቦታ መንገድም ይቀየር አይቀየር የዚህ ከተማ ሰዎች ይወስኑ፤ ቢቀየር አልከፋም። ግን ታሪኩን ሳያውቁ ስም መቀየርና ታሪኩን ሳያውቁ ስም መጥራት ብዙ አይራራቁም። እኔ ሁለተኛውን ሦስት ዓመት ሠርቼዋለሁ።

ለነባር አባላችን እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ወንድሜ፣ ቦሮችና እንግሊዞች በስምንት ዓመት ታረቁ ያልከው እውነት ነው። ሂሳቡን ግን የከፈሉት እነሱ አልነበሩም፤ ለዚህ ነው የፈጠነላቸው። በሰው ኪስ መታረቅ ሁልጊዜ ፈጣን ነው። እኛ የሚያስፈልገን ዕርቅ ያኛው ከሆነ ብንዘገይ ይሻለናል።

ለሚቀጥለው የቡና ፕሮግራማችን አንድ ሐሳብ አለኝ። እያንዳንዳችን በዚህ ጦርነት ስለተጎዳ አንድ ሰው ታሪክ ይዘን እንምጣ፤ ሰውዬው ግን ከራሳችን ወገን እንዳይሆን። የትግራይ ልጅ የወሎን፣ የጎንደር ልጅ የአድዋን ወይም የአክሱምን፣ የአዲስ አበባ ልጅ የአፋርን ይንገር። ታሪኩን ለማግኘት ከዚያ ወገን የሆነ ጓደኛችንን መጠየቅ ሊኖርብን ነው። ብዙዎቻችን ሁለት ሦስት ዓመት አንድ ክፍል ተቀምጠን ተጠያይቀን አናውቅም። ቡናውን እኔ አፈላለሁ።